ከመረከቢያ እስከ ጆንያ፦ እሸት ቡናን አጥቦ ማድረቅ በጌዴኦ

የማጠቢያ ጣቢያ የተረከበ ማኅበርም ሆነ ከማሳው አጠገብ አዲስ ጣቢያ ያቆመ ባለሀብት መጀመሪያ የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ማሽኑ በሰዓት ስንት ኩንታል ይፈለፍላል?» ሻጩም ይህንን ሲጠብቅ የኖረ ይመስል ቁጥሩን ይደረድርለታል። እኔ ብሆን አስቀድሜ የምጠይቀው ስንት የማድረቂያ አልጋ እንዳለ ነው። መፈልፈያው በአንድ ማታ የሚጨርሰውን ሥራ አልጋው የሚጨርሰው በሁለት ሳምንት ገደማ ነው። ጣቢያው በቀን ምን ያህል እሸት ልረከብ ብሎ ሲወስን መመልከት ያለበትም ከሁሉ የዘገየውን ክፍል እንጂ ከሁሉ የፈጠነውን አይደለም።

ይህን የምጽፈው በዲላ ዙሪያ፣ በወናጎ፣ በይርጋጨፌ፣ በኮቸሬና በገደብ ወረዳዎች በመጪው ለቀማ ጣቢያ ለምትመሩ፣ ወይም በፈረቃ ለምትሠሩ ነው። የጀንፈል፣ ማለትም ሳይፈለፈል ከነቅርፊቱ የሚደርቅ ቡና፣ አዘገጃጀት ሌላ ሙያ ስለሆነ እዚህ አልገባበትም።

አልጋውን ቁጠሩ

ስሌቱን አብረን እንሥራው። 100 ኪሎ ቀይ እሸት ተፈልፍሎ፣ ታጥቦና ውሃው ተንጠፍጥፎ 40 ኪሎ ገደማ እርጥብ ቡና ከነፐርችመንቱ (ፍሬውን ከሸፈነው ስስ ልባስ ጋር) ይወጣዋል። ደርቆ ሲያልቅ 20 ኪሎ ይሆናል። ፐርችመንቱ ተገፎ ለውጭ ገበያ ሲቀርብ ደግሞ 16 ኪሎ አካባቢ ይቀራል። እንግዲህ ለቀማው በሚደምቅበት ሰሞን በቀን 10,000 ኪሎ እሸት ከተረከባችሁ፣ ከጥቂት ቀናት በኋላ 4,000 ኪሎ እርጥብ ቡና «አልጋ አምጡ» ይላችኋል።

አንድ አልጋ 20 ሜትር ርዝመትና 1.5 ሜትር ስፋት ቢኖረው 30 ካሬ ሜትር ነው። በካሬ ሜትር 15 ኪሎ እርጥብ ቡና ብታሰጡበት ውፍረቱ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል፤ ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ከዚያ ብዙም አትለፉ። በዚህ ሂሳብ አንድ አልጋ 450 ኪሎ ይይዛል፣ የአንድ ቀኑ ቡና 9 አልጋ ይወስዳል። ቡናው በ12 ቀን የሚደርቅ ከሆነና በየቀኑ ያንኑ ያህል ከገባ 108 አልጋ ያስፈልጋል ማለት ነው። እየደረቀ ሲሄድ የሁለት አልጋ ቡና ወደ አንድ መሰብሰብ ስለሚቻል ቁጥሩ ትንሽ ዝቅ ይላል። ዝናብ ከጣለ ግን በዚህ ያተረፋችሁትን አልጋ መልሶ ይወስደዋል።

60 አልጋ ይዞ በየቀኑ 10 ቶን የሚረከብ ጣቢያ ምርጫው ሁለት ነው። ወይ አልጋው ላይ ያወፍረዋል፣ ወይ ገንዳ ውስጥ ያቆየዋል። ወፍሮ የተሰጣው ይሻግታል፣ ገንዳ ውስጥ የቆየው ይኮመጥጣል። አልጋ ካለቀ መረከቢያውን መዝጋት ይሻላል። ደንበኛው እሸቱን ለጎረቤት ጣቢያ ሲሸጥ ማየት እንደሚያንገበግብ አውቃለሁ፤ ቢሆንም አንድ ቀን መዝጋት አንድ ሳምንት ሙሉ የታጠበን ቡና በዝቅተኛ ደረጃ ከመሸጥ ይረክሳል።

መረከቢያው

እሸት ከዛፉ ከተለየበት ሰዓት ጀምሮ በራሱ መብላላት ይጀምራል። በዕለቱ የተለቀመው በዕለቱ ይፈልፈል። ከለቀማ እስከ መፈልፈያ 8 ሰዓት ቢሆን መልካም ነው፣ 12 ሰዓት የመጨረሻው ጣራ ነው። ጆንያ ውስጥ ታፍኖ በአይሱዙ ላይ የቆየ እሸት እጃችሁን ስታስገቡበት ሞቅ ይላል። እንዲህ ያለውን ከደህናው ጋር አትቀላቅሉ፤ ለብቻው አስቀምጡትና ለጀንፈል አድርቁት። በሩቅ ቀበሌ የመሰብሰቢያ ቦታ ካላችሁ ከዚያ የሚመጣው ጭነት ከአጎራባች ገበሬዎች እሸት ቀድሞ እንዲደርስ መኪናውን በጊዜ ላኩ። ብዙ ጣቢያ የሚያደርገው የዚህን ግልባጭ ነው፤ ቅርቡን በቀን ተረክቦ ሩቁን በሌሊት ይጠብቃል።

እሸቱ ሚዛን ላይ ከመውጣቱ በፊት ባለቤቱ ራሱ ሸራ ወይም አልጋ ላይ ዘርግቶ ይልቀመው። አረንጓዴው፣ ቢጫው፣ የጠቆረው፣ በበሽታ የተመታው፣ ቅጠሉና ጠጠሩ ይውጣለት። ይህ ከገበሬው ጋር ንትርክ ያመጣል፤ አባወራው ከሩቅ ተሸክሞ መጥቶ «ሁለት ኪሎ ቀነሱብኝ» ሲል ልክ ነው። መፍትሔው ሕጉን በመጀመሪያው ቀን ለሁሉም መናገርና ለዘመድም አለመለወጥ ነው። የተለቀመለትን አረንጓዴም መልሳችሁ ስጡት፤ ቤቱ ወስዶ ያደርቀዋል።

አረንጓዴው ለምን እንዲህ እንደሚፈራ ለሠራተኞቻችሁ አስረዱ። ያልበሰለ እሸት ቅርፊቱ ከፍሬው አይላቀቅም፣ ፍሬውን የሚያንሸራትተው ዝልግልግም ገና አልዳበረም። የመፈልፈያው ዲስክ ሲይዘው ቅርፊቱን በመግፈፍ ፋንታ ፍሬውን ይቆርጠዋል። የተቆረጠ ፍሬ ደግሞ ገንዳ ውስጥ ከሌላው ቀድሞ ይበሰብሳል።

ከዚያ እሸቱን ውሃ ባለበት መቀበያ ውስጥ ልቀቁት። የሚንሳፈፈው ባዶ፣ በነፍሳት የተበላ ወይም ዛፉ ላይ የደረቀ ነው፤ ከላይ ግፈፉትና ለብቻው ወደ ጀንፈል አልጋ ይሂድ። የሰመጠው ብቻ ወደ መፈልፈያው ይውረድ። ከመፈልፈያው በፊት ጠጠር የሚቀርበት ቦታ መኖሩን አረጋግጡ፤ አንድ ጠጠር የዲስክን ፊት ለመቅደድ ይበቃል።

መፈልፈያው

በአካባቢው የምታገኟቸው ማሽኖች በሁለት ይከፈላሉ። አንዱ እንደ ማክኪነንና አጋርድ ያለው የዲስክ መፈልፈያ ነው። ቅርፊቱን ብቻ ይገፍና ዝልግልጉን ለገንዳው ይተወዋል። ሌላው እንደ ፔናጎስ ያለው ውሃ ቆጣቢ ማሽን ሲሆን ቅርፊቱንም ዝልግልጉንም በአንድ ጊዜ ፈግፍጎ ያወርዳል። ልዩነቱ በውሃው ላይ ይታያል። በቀድሞው መንገድ ውሃው ሳይመላለስ ለአንድ ኪሎ እሸት 10 ሊትርና ከዚያ በላይ ይፈስሳል፤ ውሃ ቆጣቢው ከ1 ሊትር ባነሰ ሥራውን ይጨርሳል። በቀን 10,000 ኪሎ ለሚያጥብ ጣቢያ ይህ የ100 ሜትር ኩብና የ10 ሜትር ኩብ ልዩነት ነው። ምንጫችሁ ታኅሣሥ ላይ የሚቀጥን ከሆነ ሁለተኛውን ምረጡ። በቂ ውሃና በቂ ገንዳ ካላችሁ ግን ዲስኩን አልንቀውም፤ መለዋወጫው በቀላሉ ይገኛል፣ የሰፈር ብየዳ ቤትም ይጠግነዋል፣ የይርጋጨፌን ስም በዓለም ያስጠራውም ገንዳ ውስጥ የበላላ ቡና ነው።

አንድ ዲስክ በሰዓት ከ800 እስከ 1,000 ኪሎ እሸት ይፈለፍላል ብላችሁ አስቡ። ባለ ሦስት ዲስክ ማሽን 10,000 ኪሎውን በ4 ሰዓት ገደማ ይጨርሳል። መረከቢያው ምሽት 12 ሰዓት ላይ ቢዘጋ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ሥራው አለቀ ማለት ነው። መብራት ሲጠፋ የሚተካ ጄኔሬተር ወይም የናፍጣ ሞተር ከሌላችሁ ይህ ሁሉ ሂሳብ አይሠራም። ቀበቶውና ፑሊው መሸፈኛ ይኑረው፤ ሌሊት የደከመው ሰው ነጠላና ጋቢ ለብሶ ነው የሚጠጋው።

አሁን ከማሽን ሥራ ሁሉ ብዙ ገንዘብ ወደሚያስጠፋው ነገር እንምጣ። በዲስኩና ከፊቱ በቆመው ብረት መካከል ያለውን ክፍተት ማስተካከል አለባችሁ። በጌዴኦ ገበሬ ጓሮ ያለው ቡና አንድ ዓይነት አይደለም። ኩሩሜ ፍሬው ደቃቅ ነው፣ ወሊሾ ተለቅ ይላል፣ ደጋ በመካከላቸው ነው። በዚያ ላይ ከጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል የወጡት 74110 እና 74112 አሉ። ሁሉም በአንድ ጆንያ ይመጣሉ። ክፍተቱን ለወሊሾ ብታሰፉት ኩሩሜው ሳይፈለፈል ያልፋል፤ ለኩሩሜ ብታጠቡት ወሊሾው ይቆረጣል። ቀበሌው የሚያመጣውን ካወቃችሁ ግን መሃከለኛውን ማግኘት ይቻላል፤ የለቀማው መጀመሪያና መጨረሻ ፍሬው ስለሚያንስ በእነዚያ ሳምንታት እንደገና አስተካክሉ።

መፈተሻው ቀላል ነው። ማሽኑ ከተነሣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ከመውጫው አንድ እፍኝ ውሰዱና 100 ፍሬ ቁጠሩ። የተቆረጠው ወይም ፐርችመንቱ የተገፈፈው ከ2 ወይም ከ3 ካለፈ ክፍተቱ ጠብቧል። ያልተፈለፈለ እሸት ከበዛ ሰፍቷል። ይህን ስታዩ የቅርፊቱን ክምርም አትርሱ፤ ወደዚያ ሄዳችሁ በእጃችሁ በትኑት። ከቅርፊቱ ጋር አብሮ የሚወጣ ነጭ ፍሬ ካለ ገንዘባችሁ ወደ ብስባሽ ጉድጓድ እየሄደ ነው። ፍተሻው በየሰዓቱ ይደገም፣ ውጤቱም ይጻፍ።

ማታ ሥራ ሲያልቅ ማሽኑን በብዙ ውሃ እጠቡት። ጥግ ላይ የቀረች አንዲት ፍሬ በነጋታው ማታ በስብሳ ከአዲሱ ጋር ትቀላቀላለች። የቀማሽ ባለሙያ አንድ የገማ ፍሬ ሙሉውን ሲኒ እንደሚያበላሽ ይነግራችኋል፣ ተጋኖም የተነገረ አይደለም።

ገንዳው

ከመፈልፈያው የወጣው ፍሬ ስኳር ባለው ዝልግልግ ተለብጧል። ውሃ ብቻ አያስለቅቀውም። ገንዳ ውስጥ ያሉት እርሾዎችና ባክቴሪያዎች ስኳሩን እየበሉ፣ አሲድ እየፈጠሩ ዝልግልጉን ይፈቱታል። ማብላላት የምንለው ይህንን ነው።

አንደኛው ሕግ፣ አንድ ገንዳ የአንድ ማታ ቡና ብቻ ይይዛል። የዛሬው ገንዳ አልሞላም ብላችሁ የነገውን አትጨምሩበት፤ ከታች ያለው ሲበላላ ከላይ ያለው ገና ይሆናል፣ የላዩን ስትጠብቁ የታችኛው ያልፍበታል። የ10,000 ኪሎ እሸት ፍሬ ከነዝልግልጉ 7 ሜትር ኩብ ያህል ቦታ ይፈልጋል፤ ስለዚህ አንድ ትልቅ ገንዳ ከመሥራት ብዙ ትንንሽ መሥራት ይጠቅማል። ማሽኑ ከባዱንና ቀላሉን ፍሬ የሚለይ ወንፊት ካለው ለየብቻ ገንዳ ስጧቸው።

ስንት ሰዓት ይቆይ ለሚለው አንድ መልስ የለም። በዲላ ዙሪያና በወናጎ ዝቅተኛ ቦታዎች ሌሊቱ ሞቅ ስለሚል 36 ሰዓት ሊበቃ ይችላል። ከ2,000 ሜትር በላይ ባሉት የኮቸሬና የገደብ ጣቢያዎች ብርዱ ስለሚያዘገየው 48፣ አንዳንዴም 72 ሰዓት ይደርሳል። በዚህ መካከል አንድ ሁለት ጊዜ ውሃውን ለውጡለት፤ የገንዳው ውስጥ ሙቀት እኩል ይሆናል፣ ሽታውም አይከፋም። ሰዓቱን በሰሌዳ ላይ መጻፍ ግድ ነው፣ የሚያስቆማችሁ ግን እጃችሁ ነው። ከገንዳው መካከል እፍኝ ውሰዱና በንጹሕ ውሃ አሹት። የሚያንሸራትት ከሆነ ጊዜው አልደረሰም። ሻከር ብሎ እንደ ጠጠር ሲንኳኳ ደርሷል። ሁለተኛ ማረጋገጫ ከፈለጋችሁ ውሃውን አስወጥታችሁ ዘንግ እስከ ወለሉ ክተቱና አውጡት፤ ቀዳዳው ሳይደረመስ ክፍት ሆኖ ከቀረ ዝልግልጉ ለቋል። አቅም ያላችሁ የአሲድ መለኪያ ወረቀት ግዙ። ፒኤች ወደ 4.5 ሲወርድ ማጠቢያውን ለመክፈት ተዘጋጁ።

ይህ ፍተሻ ሌሊት 9 ሰዓት ላይም ይመጣል። የፈረቃ መሪያችሁ በዚያ ሰዓት ተነሥቶ እጁን በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የሚከት ሰው መሆኑን እርግጠኛ ሁኑ። ካልሆነ ሰውየውን ቀይሩት፤ ገንዳው እስኪነጋ አይጠብቅም።

ቦዩ

ማጠቢያ ቦዩ ላይ ብዙ የሚባል የለም። ንጹሕ ውሃ ይለቀቅበት፣ ሠራተኞቹ በእንጨት መቅዘፊያ ቡናውን ወደ ላይ ይግፉት፣ ውሃው ወደ ታች ይሂድ። የዘፈኑን ነገር ለእነሱ ተዉት፤ መቅዘፊያው እኩል እንዲነሣ የሚያደርገው ዜማው ነው። በቦዩ ላይ የምታጋድሙት እንጨት ከባዱን ፍሬ ከታች ያስቀራል፣ ቀላሉ በላዩ ያልፋል። ከባዱ አንደኛ ደረጃችሁ ነው፤ ከሌላው ጋር አንድ አልጋ ላይ አይውጣ።

የሚወርደው ውሃ ጠርቶ ሲታይ፣ ፍሬውም በእጅ ሲታሽ ምንም ሳያንሸራትት ሲቀር ወደ ንጹሕ ውሃ ገንዳ አዛውሩትና ከ12 እስከ 24 ሰዓት ይዘፍዘፍ። ብዙ ጣቢያ ሲጣደፍ ይህንን ይዘለዋል። በፐርችመንቱ ስንጥቅ ውስጥ የቀረው ዝልግልግ የሚወጣው እዚህ ነው፣ ቀለሙም የሚስተካከለው እዚህ ነው።

አልጋው

የታጠበው ቡና ሲወጣ ከግማሽ በላይ ክብደቱ ውሃ ነው። ወደ 11 ወይም 12 በመቶ እርጥበት ማውረድ አለባችሁ። መንገዱ ግን በፍጥነት ተጀምሮ በዝግታ መጠናቀቅ አለበት፤ በዚህ ላይ የሚሳሳት ብዙ ነው።

መጀመሪያ አልጋውን እዩ። ከመሬት አንድ ሜትር ያህል ከፍ ይበል፤ አየር ከሥርም ይግባ። ስፋቱ በሁለቱም ወገን የቆሙ ሰዎች እጅ መሃሉ ላይ የሚገናኝበት ይሁን። ታቹ ወንፊት ሽቦ፣ ላዩ መረብ ይነጠፍበት። ሽቦው የዛገ ከሆነ መረቡ ቀዳዳ እንዳይኖረው ተቆጣጠሩ፤ ዝገት የነካው ፐርችመንት ቀለሙም ጣዕሙም ይለወጣል። አልጋዎቹ ጥላ ከሚያረዝሙ ዛፎች ራቅ ብለው፣ ነፋስ ከሚመጣበት አቅጣጫ ጋር ይዘርጉ።

የመጀመሪያው ቀን ሥራ የላዩን ውሃ ማባረር ነው። ስስ አድርጋችሁ አስጡት፣ በየግማሽ ሰዓቱ አገላብጡት። የለቀማ እጅ የሚያስፈልገው አሁን ነው። እርጥብ ቡና ላይ የተቆረጠው፣ ቅርፊት የቀረበት፣ የገረጣውና ቀለሙ የቀላው በግልጽ ይታያል፤ ከደረቀ በኋላ ፐርችመንቱ ይሸፍነዋል። በጌዴኦ ጣቢያዎች ይህን ሥራ የሚሠሩት በብዛት ሴቶች ናቸው። ክፍያቸውን በኪሎ አታድርጉት። በኪሎ የሚከፈላት ልጅ ብዙ ትለቅማለች እንጂ ጥሩ አትለቅምም።

ከሁለተኛው ቀን በኋላ ፐርችመንቱ ይነጣል፣ ውስጡ ግን አሁንም ውሃ የሞላ ነው። ይህ ነጭ ደረጃ ከሁሉ አደገኛው ነው። የቀትር ፀሐይ በቀጥታ ቢመታው ፐርችመንቱ ቶሎ ይኮማተርና ይሰነጠቃል፤ የተሰነጠቀ ፐርችመንት ፍሬውን አይጠብቀውም። ስለዚህ ከቀኑ 5 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ በመረብ ወይም በኬሻ ሸፍኑት። ላስቲክ በቀን አይሆንም፤ ሙቀት አፍኖ ያላብሰዋል። ፍሬው ራሱ ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ እንዳያልፍ ተጠንቀቁ፤ ቴርሞሜትር ቡናው ውስጥ ቀብሮ ማየት ይቻላል።

ውስጡ እየጠቆረ ሲሄድ፣ ማለትም ፐርችመንቱን ገልጣችሁ ስታዩት ፍሬው ከነጭነት ወደ ጥቁር አረንጓዴ ሲዞር፣ እርጥበቱ ወደ 30 በመቶ እየወረደ ነው። ከዚህ በኋላ ሦስት አራት ሴንቲ ሜትር ድረስ ማወፈር ይቻላል፣ ፀሐዩንም ይችለዋል። ማገላበጡ ግን አይቆምም፤ በየሰዓቱ ይሁን። ማታ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ቡናውን ወደ አልጋው መሃል ሰብስቡና በላስቲክ ሸፍኑ፤ የጌዴኦ ጤዛ ሌሊቱን ሙሉ ቀን የደከማችሁበትን ያጠፋል። ጠዋት ጤዛው ሳይነሣ አትግለጡ። ላስቲኩ ቡናውን ሳይነካ ከላይ በቀስት ላይ ቢወጠር ይመረጣል፤ በላስቲኩ ውስጥ የሚያልበው ውሃ ወደ ጎን ይወርዳል።

ጥቅምት ላይ ዝናቡ ሳያባራ ለቀማ ሲጀምር ምን ይደረግ? ጣራ ያለው የመጀመሪያ ቀን አልጋ ሥሩ፤ ጥቂት ቢሆንም ይበቃል፤ የላዩን ውሃ በነፋስ ያስጥላል። ሞቃት አየር የሚነፋ ከበሮ መሰል ማድረቂያም አለ፤ በላቲን አሜሪካ የተለመደ ነው። አየሩን ከ40 እስከ 45 ዲግሪ ይዞ ቢሠራ ቡናውን አይጎዳም፣ በዝናብ ቀን ነፍስ ያወጣል። ነገር ግን የሚያነደው እንጨት ነው። ቡናውን ከእንሰትና ከጥላ ዛፍ ጋር የሚያበቅለው የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር መስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበው በዚያ ዛፉ ነው። ጥላ ዛፉን ቆርጦ ቡና ማድረቅ የማይገባ ሂሳብ ይመስለኛል፤ ማሽኑን ከገዛችሁ የደረቀውን የቡና ገለፈት የሚያነድ ምድጃ ይኑረው።

መቼ ደረቀ ይባላል? ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ። ነባር ሠራተኞች በጥርሳቸው ይነክሱታል፤ ጥርስ ካላሳረፈበት ደርቋል ይላሉ። ልምዱን አላቃልልም፣ 13 በመቶና 11 በመቶን ግን ጥርስ አይለያቸውም። የእርጥበት መለኪያ ግዙ ወይም ከጎረቤት ጣቢያ ጋር ተጋሩ፤ ከአንድ አልጋ ከሦስት ቦታ ናሙና ወስዳችሁ ለኩ። 13 በመቶ ላይ ጆንያ የገባ ቡና መጋዘን ውስጥ ይነጣል፣ ሻጋታም ይይዘዋል። 9 በመቶ ድረስ የደረቀው ደግሞ ሲፈተግ ይሰበራል፤ በዚያም ላይ ልትሸጡት ትችሉ የነበረ ክብደት ከውሃው ጋር አብሮ ሄዶባችኋል።

የወጣው ውሃ

ከመፈልፈያና ከገንዳ የሚወጣው ውሃ ስኳርና አሲድ የሞላበት ነው። ወንዝ ውስጥ ሲገባ ባክቴሪያው ስኳሩን ለመብላት የውሃውን ኦክስጅን ይጨርሰዋል፤ ዓሣው ይሞታል፣ ሽታው ከታች ያለውን መንደር ያውካል፣ ከብት የሚያጠጣው ሰው ማማረር ይጀምራል። በአንድ ወንዝ ላይ ብዙ ጣቢያ ሲደረደር ደግሞ የላይኛው ያፈሰሰው የታችኛው ጣቢያ ማጠቢያ ውሃ ይሆናል። ስለዚህ ጉዳዩ የሕግ ብቻ ሳይሆን የጣዕምም ነው።

ቢያንስ የምታደርጉት ይህ ነው። የመፈልፈያውን ውሃ አጣርታችሁ በዚያው ማታ መልሳችሁ ተጠቀሙበት፤ ይህ ብቻውን ፍጆታውን በግማሽና ከዚያ በላይ ይቀንሰዋል። የወጣውን ወደ ተከታታይ ጉድጓዶች ምሩት፣ በወንዝና በጉድጓድ መካከል ቬቲቨር ሣር ጥቅጥቅ ብሎ ይተከል፤ ሥሩ ጥልቅ ስለሆነ ውሃውን ይመጠዋል። ጉድጓዱን ከመጠጥ ምንጭ በላይ አትቆፍሩ። ቅርፊቱ ከእሸቱ ክብደት 40 በመቶ ያህል ስለሆነ በቀን 10 ቶን የሚረከብ ጣቢያ 4 ቶን ቅርፊት ይዞ ያድራል። ከአፈርና ከከብት እበት ጋር እየደረባችሁ አብስሉት፣ እያገላበጣችሁ ጥቂት ወራት አቆዩት፤ ገበሬው ለእንሰቱና ለቡናው መልሶ ይወስደዋል። እሸት ያመጣላችሁ ሰው ብስባሽ ይዞ ሲመለስ የሚቀጥለውን ዓመት ደንበኝነት ገዝታችኋል።

ጆንያና መዝገብ

የደረቀውን በንጹሕ ጆንያ ሙሉና በእንጨት ርብራብ ላይ ደርድሩ፤ ከግድግዳ ግማሽ ሜትር ይራቅ። ማዳበሪያ፣ ናፍጣ፣ ቆዳና የወፍጮ እህል ከዚያ ቤት ይውጡ፤ ቡና ሽታ ይስባል። ፐርችመንቱን ሳትገፍፉ አቆዩት፣ መጋዘኑም ከፀሐይ ይጠለል።

በእያንዳንዱ ጆንያ ላይ የተረከባችሁበት ቀን፣ ቀበሌው፣ ደረጃውና የገንዳው ቁጥር ይጻፍ። ይህ ቀድሞ ብዙም አይጠቅምም ነበር። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ቡና ማገበያየት ከጀመረ በኋላ በነበሩት ዓመታት ቡናው በደረጃና በአካባቢ ስም ተቀላቅሎ ይሸጥ ስለነበር የማን ጣቢያ እንደሆነ ገዢው አያውቅም ነበር። ኅብረት ሥራ ማኅበራት ግን እ.ኤ.አ. በ2002 በተቋቋመው የይርጋጨፌ ቡና ገበሬዎች ዩኒየን በኩል በስማቸው መሸጥ ይችሉ ነበር። የቡና ግብይትና ጥራት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1051/2009 ከወጣ በኋላ ደግሞ የሌላውም ጣቢያ ቡና ከነምንጩ መሸጥ የሚችልበት በር ሰፍቷል። ናሙና ጠይቆ «ይህ ጥቅምት 28 የታጠበው ነው?» የሚል ገዢ ሲመጣ መልስ የምትሰጡት መዝገባችሁ ካለ ብቻ ነው። መዝገቡ የመረከቢያ ሰዓት፣ የመፈልፈያ ፍተሻ፣ የገንዳ ሰዓት፣ የአልጋ ቁጥርና የየቀኑ እርጥበት ይኑረው። የቀመሰው ሰው «ይህ ሎት ኮምጥጧል» ሲል የትኛው ገንዳ እንደሆነ ከመዝገቡ ታገኙታላችሁ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ታርማላችሁ። መዝገብ ከሌለ ሁሉም ሠራተኛ ጥፋተኛ ይሆናል፣ ማንም አይታረምም።

ለቀማው ጥር ላይ ሲያልቅ ዲስኮቹን አውጡ፣ አጥቡና አድርቁ፣ ዘይት ቀቡ። የዲስኩ ፊት ጉጥ ያለቀበት ከሆነ የመዳብ ቆርቆሮውን አሁኑኑ እዘዙ፤ መስከረም ላይ ሁሉም ጣቢያ ስለሚፈልገው ዋጋው ይወደዳል። ገንዳውን ፈትሹ፣ የተሰነጠቀውን ሲሚንቶ በደረቅ ጊዜ ጠግኑ። የአልጋ ቋሚ እንጨት ምስጥ የበላው ካለ ክረምቱ ሳይገባ ይተካ፤ መረቡን ጠቅልላችሁ አይጥ ከማይደርስበት ስቀሉት። የጉድጓዱን ደለልም ሚያዝያ ላይ ዝናቡ ሳይጠነክር አውጡ፤ ለቀማ ከተጀመረ በኋላ ለእሱ ጊዜ የሚኖረው ሰው አታገኙም።